ሰው ሲቀመጥ የሚይዘው መሪ

መኪና ስፈትን ባለቤቱ አጠገቤ እንዲቀመጥ አልወድም ነበር። ይህን መርሳ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ባለቤት ያወራል። "እዚህ ጋ ነው፤ አይ፣ እዚያ ጋ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ሾፌር እንዲህ ብሎኛል" እያለ ጆሮዬን ይይዝብኛል። እኔ ደግሞ የመኪና በሽታ የማገኘው በጆሮዬ ነው። ስለዚህ "ውረድ ወንድሜ፣ ሻይህን ጠጣ፣ ስመለስ እነግርሃለሁ" ብዬ ብቻዬን ነድቼ እሄዳለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬ በሰው ፊት ያፈርኩበት ቀን አልነበረም። "እጁ ማር፣ አፉ እሬት" እያሉ እንደሚያሙኝም አውቃለሁ። ይበሉ። እሬትም መድኃኒት ነው እያልኩ እመልስ ነበር።

ያፈርኩበትን ቀን ነው አሁን የምናገረው።

ከጋራዤ ጀርባ፣ ከመስኖው ቦይ ማዶ፣ ብርቱካን ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ። እሳቸው ሶላት የማያልፋቸው እስላም፣ እኔ ጾሙን እንጂ ቅዳሴውን የማላውቅ ክርስቲያን ነኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ከጎኔ ሳይነሡ የተቀመጡ ሰው ናቸው። አንዲት አሮጌ ፒካፕ አለቻቸው፤ ፊት ለፊት ሦስት ሰው የምታስቀምጥ፣ ኋላዋ ክፍት። በደህናው ጊዜ ብርቱካን ይዛ ወልድያ ትሄዳለች፤ ስትመለስ የሰፈሩን ዱቄት፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ሙሽራ ይዛ ትመጣለች። ሌሊትም ይሁን ቀን ሰው ሲታመም የሚሮጠው ወደ አባባ ደጅ ነው። "አብሽሩ፣ አብሽሩ" እያሉ ሽርጣቸውን እያጠበቁ ይወጣሉ።

ጦርነቱ ወደ እኛ በመጣበት ክረምት ከወልድያ ወገን ሰው ይፈስ ጀመር። በእግሩ፣ በአህያ፣ በባጃጅ፣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁሉም ወደ ደሴ ነው። የመድፉ ድምፅ ቀን በቀን እየቀረበ መጣ። አባባን "ቤተሰብዎን ጭነው ይውጡ እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ?" አልኳቸው።

"ልጄን" አሉኝ። "ቢመጣ ማንን ያገኛል?"

አንድ ልጅ ነው ያላቸው። ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ወጥቶ ከሄደ ሳምንቱ ነበር፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ሚስቱ አባባ ቤት ናት። ማርገዟን ያወቀችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ለባሏ እንኳ አልነገረችውም።

እሳቸው ካልሄዱ መኪናዋ መደበቅ አለባት። ያን ሰሞን መኪና ያለው ሁሉ የየራሱን ዘዴ ዘይዷል። አንዱ ባትሪውን ይቀብራል፣ ሌላው ጎማውን አውልቆ ጉድጓድ ውስጥ ይከታል። እኛ ፒካፗን ገፍተን የከብቶቹ በረት ውስጥ አስገባናት፤ ከዚያ በሩን በእንጨት ማግረን በጭቃ መረግነው። እማማ፣ ማለት የአባባ ባለቤት፣ እበት ለቅልቀው ከሌላው ግድግዳ ጋር አመሳሰሉት። እውነት ለመናገር እኔ ራሴ በማግስቱ በሩ የቱ ጋ እንደነበር ጠፍቶኛል።

እኔ ግን ጠርጣራ ነኝ። ግድግዳ ይፈርሳል፣ ጎማና ባትሪ ከየትም ይመጣል። ስለዚህ ከመመረጋችን በፊት ከሥሯ ገብቼ የመሪውን ዘንግ ከመጋጠሚያው ላይ ፈታሁት። ማንም አግኝቶ ልንዳት ቢል መሪው በባዶ ይሽከረከራል እንጂ ጎማውን አያዞርም። መጋጠሚያውን የምትይዘዋን ብሎን በፌስታል ጠቅልዬ ከብርቱካኖቹ በአንዱ ሥር ቀበርኳት። ከቦዩ ሲቆጠር ሦስተኛው ዛፍ። አባባም ቆጠሩ፣ እኔም ቆጠርኩ። በዘዴዬ እንዴት እንደኮራሁ!

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አልተርክም። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አለው፤ የኔ ከሌላው አይብስም።

መንገዱ ተከፍቶ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በጋው ገብቶ ነበር። ጋራዤ ባዶ ነው። ከመሣሪያዬ የተረፈኝ እናቴ ዱቄት ዕቃ ውስጥ የሸሸገቻቸው ጥቂት ቁልፎች፣ አንድ ክሪክና የትርፍራፊ ብሎን ጣሳ ብቻ። ወደ አባባ ዘንድ ሄድኩ። ግድግዳውን በመጥረቢያ ስናፈርሰው ፒካፗ እንዳለች ናት፤ ዶሮ ኮፈኖዋ ላይ እንቁላል ጥላባታለች። አባባ "አልሐምዱሊላህ" ብለው እጃቸውን በሩ ላይ አሳረፉ፤ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። እኔም ወደ ሌላ አየሁ።

ብሎኗን ልናወጣ ወደ ብርቱካኑ ሄድን። ወይ ጉድ! ሦስተኛው ዛፍ የለም። አንደኛውም ሁለተኛውም የለም። በቦዩ ዳር የነበረው ሁሉ ለማገዶ ተቆርጧል፤ ጉቶው ሳይቀር ተነቅሏል። ከየትኛው ተነሥተን ሦስት እንቁጠር? ሁለት ቀን ስንቆፍር ዋልን። እማማ ከላይ ቆመው "ድንች ብትተክሉ ኖሮ ይሄኔ በልተን ነበር" እያሉ አሾፉብን።

በመጨረሻ ከጣሳዬ ሌላ ብሎን አወጣሁ። ውፍረቷ ልክ ነው፣ ጥርሷም ልክ ገባ። ርዝመቷ ግን የጥፍር ያህል ትተርፋለች። ከጦርነቱ በፊት ቢሆን ቆርጬ አስተካክላት ነበር፤ መቁረጫ መጋዜ ከሌላው ዕቃዬ ጋር ሄዷል። ደጃፌ ላይ ደግሞ የሰው ሁሉ መኪና ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ጥቂት ብትረዝም ማን ይለካታል ብዬ አጠበቅኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔ ማፍሰሴን እንኳ አላወቅኩም።

አንድ ወር ያህል ቆይተው አባባ ጋራዡ መጡ።

"ልጄ፣ መሪው ይከብደኛል" አሉ።

መሪ የሚከብድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔም ከቀላሉ ጀመርኩ። የፊት ጎማዎቹን ነፋስ አየሁ፤ ደህና ነው። ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ቺንጊያው አልላላም። ፊቷን በክሪክ አንሥቼ ጎማዎቹን በእጄ ወዲያና ወዲህ ሳዞራቸው እንደ ልጅ መጫወቻ ይዞራሉ። ያም ሆኖ በየመገናኛው ግራሶ ሞላሁ። "ይሂዱ፣ አሁን በአንድ ጣት ይነዷታል" ብዬ ሸኘኋቸው።

በሳምንቱ ተመለሱ። "ሁልጊዜ አይደለም የሚከብደው። ሳዞር አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እጄን ይይዘኛል፤ ከዚያ ደግሞ ይለቀኛል።"

"መቼ መቼ?"

"ብቻዬን ስሆን ደህና ነው። ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ነው የሚብሰው።"

ሳቄ መጣ። መሪ ምን ዓይን አለው? አጠገቡ ሰው መኖሩን በምን ያውቃል? "ይውረዱ፣ ሻይ ይጠጡ" ብያቸው ብቻዬን እስከ ውርጌሳ ነዳኋት። ምንም የለባትም። ጭነት ነው ማለታቸው ይሆናል ብዬ ኋላዋን ድንጋይ ሞላሁና ደግሜ ወጣሁ፤ አሁንም ብቻዬን። ድንጋዩ ከበዳት እንጂ መሪው ውኃ ነው። ተመልሼ "ደህና ናት" አልኳቸው።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት በገበያ ቀን ነው። ጋራዡ በሰው ተሞልቷል፣ እኔ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ አንድ ያልታዘዘልኝ ሞተር ሲያናድደኝ ውሏል። አባባ ቀስ ብለው ጠጋ አሉና "ልጄ፣ ዛሬም ያዘኝ" አሉ።

"አባባ" አልኳቸው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "መኪናዋ ምንም የለባትም። እርጅና ነው። ክንድዎ ነው የደከመው። ሰው አጠገብዎ ሲቀመጥ ደግሞ ይጨነቃሉ፤ ያኔ ይብስብዎታል። ይኸው ነው!"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አባባ መዳፎቻቸውን ገልጠው አዩዋቸው፤ የብርቱካን እሾህ የጫራቸው ሰፋፊ መዳፎች ናቸው። "እንዲያ ነው?" አሉ። "አንተ ካልክ ነው።" ቁልፉን ግድግዳዬ ላይ ካለው ምስማር ሰቀሉት። "አንተ ጋ ይሁን። የምራቴ ቀን ሲደርስ አንተ ታደርሳታለህ።"

የምራታቸው ነገር ቀልድ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ምጥ ጸንቶባት ሕፃኑ ሳይተርፍ ቀርቷል። ሐኪም "ሁለተኛ ቤት ውስጥ እንዳትወልጂ፣ ሕመሙ እንደጀመረሽ ወልድያ ሆስፒታል ድረሺ" ብሏታል። አምቡላንስ ያን ጊዜ በስም እንጂ በአካል የለም። ባሏ ከወጣ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል፤ ሞተ ያለም ኖረ ያለም የለም። እንግዲህ ለዚያ ቤት የቀረው በማሕፀኗ ያለው ልጅ ነው። አባባ መሪው ያዘኝ እያሉ ሦስት ጊዜ የተመላለሱት ለብርቱካን ብለው አልነበረም።

ቁልፉ ከተሰቀለ በኋላ አባባ ተለወጡ። ውኃ ተራቸውን ለጎረቤት ለቀቁ። መስጊድ ሲሄዱ ዱላ መያዝ ጀመሩ። አንድ ቀን እማማ ጋራዤ ድረስ መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

"ሰውዬውን ምን ብለኸው ነው?" አሉኝ። "ሐራ ላለው ለልጅቷ አባት ቃል ላከ። 'እኔ አርጅቻለሁ፣ መሪ እንኳ መያዝ አቅቶኛል፣ ሕፃን ማሳደግ አልችልም። ከወለደች በአርባ ቀኗ መጥታችሁ እናትና ልጁን ውሰዱ' ብሎ። ልጄ ቢመጣ ምን ልለው ነው? ባዶ ቤት ላሳየው?"

"እማማ፣ እኔ የተናገርኩት ስለ መኪና ነው" አልኩ።

"ስለ መኪና አልነበረም" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴ አልነግረውም።

ሕመሙ የጀመራት በግንቦት አንድ ጠዋት ነው። ቁልፉን ከምስማሩ መንጥቄ ሮጥኩ። ምራታቸውን መሐል አስቀመጥናት፤ እማማ በበሩ በኩል ደግፈዋት ተቀመጡ፤ እኔ መሪ ያዝኩ። ለአባባ ቦታ አልቀረም። ኋላ ላይ ወጥተው በገዛ መኪናቸው እንደ ዕቃ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። በመስተዋቱ አየኋቸው፤ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ሲሪንቃን እስክናልፍ ደህና ሄድን። ከዚያ መንገዱ ወደ ቀኝ በሚታጠፍበት ጋ አንድ ከባድ የጭነት መኪና ከፊት መጣ። መሪዬን ወደ ቀኝ ሳዞር፣ ያዘኝ።

አንድ ሰው ከታች ሆኖ ዘንጉን እንደጨበጠው ነው። እጄ ቆመ። መኪናዋ ወደ ጭነቱ መኪና ቀጥ አለች። በሁለት ክንዴ፣ በደረቴም ጭምር ስጫነው ጓ ብሎ ለቀቀኝ፤ ያም ሰው ጡሩምባውን እያስጮኸ በስንዝር አለፈን። ዳር ይዤ አቆምኩ። ምራታቸው ሕመሟን ረስታ ጮኸች። እማማ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ይላሉ። እኔ እጆቼን አየኋቸው፣ ልክ አባባ እንዳዩት።

አባባ ከኋላ ወርደው መስኮቱ ጋ መጡ።

"ያዘህ?" አሉኝ።

"ያዘኝ" አልኩ።

ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ስንት ነገር እናገር ነበር!

ያን ጊዜ ነው ንግግራቸው ጆሮዬ ውስጥ የገባው። ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ። እኔ ድንጋይ የጫንኩት ኋላ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ግን ከኔ በቀር ሰው ተቀምጦ አያውቅም፤ አልወድማ! "አባባ፣ እዚህ ይግቡና መሪውን ይያዙ። እናንተ ደግሞ እንዳትወርዱ፣ በማርያም፣ ባላችሁበት ሁኑ" ብዬ ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ገባሁ።

"ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያዙሩት!"

ዘንጉ መዞር ጀመረ። ሦስት ሰው የተቀመጠበት የፊት ክፍል ዝቅ ብሏል፤ ክፍሉን ከሥሩ የሚሸከሙት ላስቲኮች አርጅተው ተጨፍልቀዋል። ሲዞር ሲዞር የዚያች ረጅም ብሎን ጫፍ መጣችና መኪናዋን ሁሉ በሚሸከመው የሻንሲ ብረት ላይ ተደገፈች። ቀጥ።

"እዚህ ጋ ነው!" አሉ አባባ ከላይ። "እዚህ ጋ ነው የሚይዘኝ!"

ብሎኗ የምትነካው ቦታ ላይ ብረቱ ተፍቆ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል። ለወራት ስትፍቀው ኖራለች። እኔ ብቻዬን ስነዳ ክፍሉ ከፍ ስለሚል ሳትነካው ታልፋለች፤ ሰው ሲጨመር ይወርድና ትነክሳለች። አባባ አንድም ሳያዛንፉ ነግረውኝ ነበር። ከዚያች መኪና ሥር፣ አቧራው ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ተቀያሪ ጎማውን ከሚይዘው ብረት ላይ አጭር ብሎን ፈታሁ፤ ውፍረቷ አንድ ነው። ረጅሟን አውጥቼ አጭሯን አስገባኋትና ዳዶዋን እጄ እስኪላጥ አጠበቅኩ። "አሁን ያዙሩት" አልኩ። ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ዞረ፣ ወደ ግራም እስከ መጨረሻው ዞረ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው።

ወጥቼ በሩ ጋ ቆምኩ። ፊቴ ግራሶ ነው፣ ረጅሟ ብሎን እጄ ላይ ናት። "አባባ" አልኩ፣ "እርጅና አይደለም። ብሎን ነው። የኔ ብሎን ነው። እኔ ነኝ ያስገባኋት፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁዎት። ክንድዎ ደህና ነው፤ ድሮም ደህና ነበር።"

አባባ ብሎኗን አዩ፣ እኔን አዩ። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እማማ ከወዲያ ጮኹ። "አንተ ሰውዬ፣ ይቅርታህን ወልድያ ጠይቅ! ልጅቷ አለቀችብኝ እኮ! ማንም ይንዳት፣ ንዱ!"

አባባ የተቀመጡት መሪው ላይ ነው። በሩን ከውጭ ዘጋሁባቸውና ኋላ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። እሳቸው ተቀምጠው በነበሩበት ጥግ ተቀመጥኩ፤ ዱላቸው እዚያው ወድቆ አገኘሁት። ወልድያ እስክንገባ ድረስ አንድም መታጠፊያ ላይ አልተንገዳገዱም። እንዳሳቸው የሚነዳ ሰው እኔ አላየሁም፤ ይህን የምለው ስላፈርኩ አይደለም።

በኦፕሬሽን ወለደች። ወንድ ነው። አባባ ሕፃኑን ተቀብለው በጆሮው አዛን ሲያደርጉለት በሩ ላይ ቆሜ አየሁ፤ እንባዬ መጣ፣ አላበስኩትም።

ነገር ግን ነገሩ በዚያ አላለቀም። ከቤት ከገቡ በኋላ አባባን "እንግዲህ ለሐራዎቹ 'ቀርቷል፣ አትምጡ' ብለው ይላኩባቸው" ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቃል ሰጥቻለሁ። ሰው ሰጥቶ ይነሣል እንዴ? እነሱም ተዘጋጅተዋል፤ ልጃቸው ናት፣ የልጅ ልጃቸው ነው።" ልክ ናቸው፤ የሽማግሌ ቃል ያለ ምክንያት አይታጠፍም። ምክንያቱ ደግሞ የኔ ጥፋት ነው። ሌላ ሰው ሊናገርልኝ አይችልም።

አርባ ቀኗ ሳይሞላ ሁለት ሽማግሌዎች ለምኜ ሐራ ወረድን። አባባ ነዱ። ሽማግሌዎቹ አጠገባቸው፣ እኔ ኋላ ላይ፤ ቦታዬን ተምሬያለሁ። የልጅቷ አባት ከግራር ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ ዘመድ ሰብስበው ጠበቁን። ቆፍጣና ገበሬ ናቸው፤ ከሰላምታው በኋላ "ምን እግር ጣላችሁ?" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወደኔ አዩ። ተነሥቼ ብሎኗን ምንጣፉ መሐል አስቀመጥኳት። በሰው ፊት ንግግር አልችልም፤ ስለ ሰው መኪና ስናገር ብቻ ነው አፌ የሚፈታው። ስለዚህ ስለ መኪናዋ ተናገርኩ። የተመረገውን በረት፣ የተቆረጡትን ብርቱካኖች፣ ሦስት ጊዜ መጥተው የነገሩኝን፣ በገበያተኛ ፊት የመለስኩላቸውን። "አባባ አላረጁም። ያረጀው የመኪናዋ ላስቲክ ነው። ለናንተ ቃል የሰጡት እኔን አምነው ነው፤ እኔ ደግሞ ተሳስቼ ነበር" ብዬ ጨረስኩ።

የልጅቷ አባት ብሎኗን አንሥተው በጣታቸው መሐል አገላበጧት። "ይቺ ናት?" አሉ።

"ይቺ ናት።"

"አንተ" አሉኝ፣ "ስንት ሰው ነው እስከ ዛሬ ደህና ነህ ብለህ ከነሕመሙ የሸኘኸው?"

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መልሱን አላውቀውማ።

ከዚያ ወደ አባባ ዞሩ። "አንቱስ ምን ይላሉ?"

አባባ ዓይናቸውን ብሎኗ ላይ ጣሉ። "እኔ" አሉ፣ "ልጁን ለናንተ ስሰጥ ስለ ክንዴ ብቻ አልነበረም። ክንዴ ሲከዳኝ ተስፋዬንም ጣልኩ። ልጄ ቢመጣ ሚስቱን የሚፈልጋት እኔ ቤት ነው። ውሰዷት ስላችሁ አይመጣም ማለቴ ነበር። በአፌ አላልኩትም እንጂ፣ ማለቴ ነበር። አሁን ግን ልጠብቀው እችላለሁ። እስኪመጣ የምጠብቅበት አቅም አለኝ።"

የልጅቷ አባት ብሎኗን መልሰው እጄ ላይ አኖሯት።

"እንግዲያውስ እዚያው ያግኛቸው" አሉ። ዱዓ ተደረገ፣ ሁላችንም አሜን አልን።

የሕፃኑ አባት ገና አልመጣም። ያ ሕፃን አሁን ቆሞ ይሄዳል፤ ከመቆረጥ የተረፈው ዛፍ ያፈራውን ብርቱካን ሳይበስል እየበጠሰ አያቱን ያስለቅሳል። እኔም ልማዴን ትቻለሁ፤ መኪና ስፈትን ባለቤቱን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ ያወራኝ፣ እሰማለሁ። የአባባን ፒካፕ ላስቲኮች በአዲስ ቀይሬያለሁ፤ ሦስት ወፋፍራም ሰዎች አስቀምጬም ፈትኛታለሁ፣ አይይዝም።

አባባ ወደ ወልድያ ሲሄዱ በጋራዤ በር ሲያልፉ ጡሩምባ ያሰማሉ። ከሥራዬ ቀና ብዬ አያለሁ። አባባ መሪው ላይ ናቸው፣ የልጅ ልጃቸው መሐል ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። በበሩ በኩል ያለው ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ላይ አባባ ዕቃ አያስቀምጡም፤ ሰው ቢለምናቸውም ኋላ ላይ ውጣ ነው የሚሉት።